ሌዘር ብረትን እንዴት ያግላል? እንዴትስ ይገፋል? ደሴ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ፒያሳ አካባቢ ካለችው የጓደኛዬ ሱቅ አልጠፋም። ሱቋ ጠባብ ናት፤ አንድ የሌዘር ማሽን አለባት። ቀለበት ላይ ስም፣ ቁልፍ መያዣ ላይ ፎቶ፣ የሞተር ዕቃ ላይ ቁጥር ይጻፍባታል። ሰው ቆሞ ያያል፣ ከዚያ ይጠይቃል። ሰኞ ክፍል ስገባ ተማሪዎቼም ያንኑ ያነሱብኛል። እኔም በየቀኑ ከምደጋግመው ብዬ መልሶቹን እዚህ ሰብሰብ አደረግኳቸው።

ብርሃን ብቻውን እንዴት ብረት ይበላል? አምፖልም እኮ ብርሃን ነው።

በጣም የምወደው ጥያቄ ይኼ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚገምተው ማሽኗ እጅግ ብዙ ጉልበት እንደምታፈስ ነው። እንደዚያ አይደለም። ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ነገሩን የሚለውጠው የጊዜው ማጠር ነው።

እስቲ በሲኒ እንለካው። ቡና የተቀዳበትን ሲኒ ከረከቦት ላይ ስንዝር ያህል ብድግ ለማድረግ ከ0.2 እስከ 0.3 ጁል ይበቃል፤ ጁል የጉልበት መለኪያ ነው። ማንንም አያደክምም። አሁን ያንኑ 0.2 ጁል በብርሃን መልክ በ10 ናኖሰከንድ ውስጥ ልቀቁት። አንድ ናኖሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ናት። ጉልበቱ ለጊዜው ሲካፈል 20 ሚሊዮን ዋት ይመጣል። 2 ሚሊዮን ባለ 10 ዋት አምፖሎች አንድ ላይ በርተው የሚበሉትን ያህል ኃይል ማለት ነው። ግን ለዚያች ቅጽበት ብቻ ነው። ብርሃን በ10 ናኖሰከንድ የሚሄደው 3 ሜትር ነው፤ ከሱቋ በር እስከ ውስጠኛው ግድግዳ ቢደርስ ነው።

እንዲህ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚወጣው ፐልስ ሌዘር ይባላል። እኔ አንዷን ብልጭታ «ምት» እላታለሁ፣ እንደ ልብ ምት።

የሱቋ ማሽን ምት ከዚህ በጣም ታንሳለች። የማሽኗ አማካይ ኃይል 20 ዋት ብቻ ነው። በሰከንድ 20,000 ምት ትተፋለች፤ እያንዳንዷ ምት 1 ሚሊጁል (የጁል ሺህኛ) ይዛ 100 ናኖሰከንድ ያህል ትቆያለች። ስለዚህ ምቷ በምትቆይባት ቅጽበት ኃይሉ 10,000 ዋት ይደርሳል። ይኼ ሁሉ የሚያርፈው ደግሞ ከፀጉር ውፍረት በማይበልጥ ነጥብ ላይ ነው። ብረቱ የሚችለው አይደለም። ይቀልጣል፣ አልፎም ይተናል።

የዓለም የመጀመሪያው ሌዘር ራሱ በምት የሚሠራ ነበር። ቴዎዶር ሜይማን እ.ኤ.አ. በ1960 ካሊፎርኒያ ውስጥ ከሩቢ ሠራው። በዚያን ጊዜ ተመራማሪዎች የሌዘር ጉልበት የሚለኩት በ«ጂሌት» ነበር፤ የምላጭ ስም ነው። ምላጭ ይደራርባሉ፤ አንዷ ምት ስንቱን እንደበሳች ይቆጥራሉ። ለተማሪዎቼ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ላይ የሚታየው ደስታ ልዩ ነው።

ብረቱ ከተነነ ቀለበቱ ለምን አላቃጠለኝም? እንደተጻፈበት ወዲያው በእጄ ያዝኩት።

ቡና ሲፈላ እናቶቻችንን ልብ ብላችሁ እዩ። ፍሙን በጣታቸው ጫፍ ከከሰሉ ላይ ብድግ ያደርጉና ማጨሻው ውስጥ ጣል ያደርጉታል። ፍሙ ቀይ ነው፣ ጣታቸው ግን አይቃጠልም። ሙቀቱ ቆዳውን አልፎ ለመግባት ጊዜ አላገኘም። ግማሽ ደቂቃ ቢይዙት ግን ወዮላቸው።

ብረት ላይም እንደዚሁ ነው። ሙቀት ከነጥቡ ወደ ጎንና ወደ ታች ለመሄድ ጊዜ ይፈልጋል። ሙቀት በማስተላለፍ የታወቀው መዳብ እንኳ በ10 ናኖሰከንድ ሙቀቱን የሚያወርደው ወደ 1 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። የፀጉር ውፍረት ከዚህ በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ያቺ ስስ ቆዳ ተንና ስትሄድ ከታች ያለው ብረት ምንም አልሰማም።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ አለ። ማሽኗ በሰከንድ 20,000 ጊዜ ስለምትመታ ሙቀቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ትንሽ ቀለበት ላይ ብዙ ጽሑፍ ከተጻፈ ያቃጥላል። ጓደኛዬ ሁልጊዜ በፒንሳ ነው የሚያነሳው።

ብርሃኑ ብረቱ ውስጥ መጀመሪያ ምን ያገኛል?

ኤሌክትሮኖችን። ብረታ ብረት ውስጥ ከአንዱ አቶም ወደ ሌላው እንደልባቸው የሚንቀሳቀሱ ኤሌክትሮኖች አሉ። ብርሃኑ እነሱን ነው የሚያናውጠው። ይኼም የሚሆነው እጅግ ስስ በሆነ ንጣፍ ውስጥ፣ በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች ውስጥ ነው፤ ናኖሜትር የሜትር ቢሊዮንኛ ናት። ኤሌክትሮኖቹ ከዚያ አቶሞቹን ይጋጩና ሙቀቱን ያካፍሏቸዋል። ማካፈሉ የሚወስደው ጥቂት ፒኮሰከንድ ነው፤ ፒኮሰከንድ የናኖሰከንድ ሺህኛ ናት።

ምቷ ከዚያም ካጠረች አስገራሚ ነገር ይፈጠራል። ኤሌክትሮኖቹ በብዙ ሺህ ዲግሪ ሲግሉ አቶሞቹ ገና ቀዝቃዛ ናቸው። ምቷ ካለቀች በኋላ ነው አቶሞቹ «የሚነቁት»። በእንዲህ ያለ ምት የተቆረጠ ጠርዝ ንጹህ ነው፤ ቅላጭ አይንጠባጠብበትም። እጅግ አጫጭር ምቶችን ኃይለኛ አድርጎ የማውጣትን ዘዴ ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ እ.ኤ.አ. በ1985 አሳተሙት፤ በ2018 የኖቤል ሽልማት አገኙበት።

ብር ላይ ለምን ያስቸግራል? የማይዝገው ብረት ላይ እኮ ወዲያው ጻፈ።

ይህን የጠየቁኝ ከባቲ የመጡ አንጥረኛ ናቸው። የባቲን የሰኞ ገበያ የሚያውቅ የብር ጌጥ እዚያ ምን ያህል እንደሚከበር ያውቃል። ሰውየው አንድ ጠገራ ብር ይዘው መጡ፤ 1780 የሚል የተጻፈበት፣ የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት። ጥያቄያቸው የባለሙያ ጥያቄ ነበር። «ብር በ962 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ብረት 1,538 ድረስ ይታገሳል። በወናፍ ብር ይቀለኛል። እዚህ ማሽን ላይ ለምን ተገለበጠ?»

እውነታቸውን ነው፤ ተገልብጧል። ከሰሉ ሙቀት ይሰጣል፤ ሌዘሩ ግን የሚሰጠው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ሙቀት የሚሆነው ብረቱ ሲውጠው ብቻ ነው። የማሽኗ ብርሃን ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ነው፤ የሞገድ ርዝመቱ 1,064 ናኖሜትር ነው። ንጹህ ብር ከዚህ ብርሃን ከ95 በመቶ በላይ የሚሆነውን መልሶ ይወረውረዋል። ብረት ግን ሲሶ ያህሉን ይውጣል። በዚያ ላይ ብር ከብረታ ብረት ሁሉ ሙቀትን በማስተላለፍ አንደኛ ነው። ያቺን የዋጣትን ጥቂት እንኳ ወዲያው ወደ ጎን ያከፋፍላታል።

መዳብና ወርቅም ለኢንፍራሬድ እንደዚሁ መስታወት ናቸው። ቀለማቸውን ካያችሁ ግን መፍትሔውን ራሳቸው ይነግሯችኋል። መዳብ ቀይ፣ ወርቅ ቢጫ የሆኑት ሰማያዊና አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጡ ነው። ስለዚህ ፋብሪካዎች መዳብ ለመበየድ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሌዘር ይጠቀማሉ። ብር ግን ነጭ ነው፤ የሚታየውን ብርሃን ሁሉ ይመልሳል።

የሰውየውን ጠገራ ብር አልነካነውም። የገዛ ሥራቸው የሆነ አንድ ቀለበት አምጥተው እሱ ላይ ሞከርን። መጀመሪያ ምንም አልያዘም። ጓደኛዬ ማሽኗን አዘግይቶ ደጋገመበት። ከዚያ ድንገት ያዘ። የላይኛው ገጽ አንዴ ቀልጦ ሻካራ ሲሆን ብርሃን መዋጥ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ይቀላል። ሰውየው ጎንበስ ብለው እያዩ «ለካ መጀመሪያ ማሻከር ነው» አሉ። እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ የማስተምረውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጨረሱት።

መምህር፣ «ይገፋል» ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ብርሃን ክብደት የለውም አይደል እንዴ?

ክብደት የለውም፣ ግን ይገፋል። ጄምስ ክለርክ ማክስዌል በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስሌት አስቀምጦት ነበር። ሩሲያዊው ፒዮትር ሌበዴቭ እ.ኤ.አ. በ1900 አካባቢ በሙከራ ለካው። የጃፓኗ ኢካሮስ መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2010 ጠፈር ላይ ሸራዋን ዘርግታ በፀሐይ ብርሃን ግፊት ተገፍታለች።

ግፊቱ ግን ኢምንት ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ አንድ የቤት ቆርቆሮን የምትገፋው በሦስት ወይም በአራት የጤፍ ፍሬ ክብደት ያህል ነው። ቆርቆሮው በሙሉ ማለቴ ነው።

ሌዘር ላይስ? ያችን ባለ 0.2 ጁል ምት 1 ሚሊሜትር ካሬ ላይ እናሳርፋት። የብርሃኑ የራሱ ግፊት ከከባቢ አየር ግፊት ጋር የሚቀራረብ ይሆናል። ከፀሐይዋ ጋር ሲተያይ ትልቅ ነው፤ ብረትን ለመጉዳት ግን ምንም ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ብረቱን የሚገፋው በዋናነት ብርሃኑ ይመስለዋል። ብረቱን አጥብቆ የሚገፋው ግን ከራሱ ከብረቱ የሚወጣው ትነት ነው።

በደንብ የጋለ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ አድርጉ። ጠብታዋ አትቀመጥም፤ ትዘላለች፣ ትንሸራተታለች። ከሥሯ የሚወጣው እንፋሎት ነው ወደ ላይ የሚገፋት። እንፋሎቱ ወደ ታች ሲሮጥ ጠብታዋ ወደ ላይ ትሄዳለች። በሌዘር ምት ጊዜ ደግሞ በተቃራኒው ነው። የብረቱ ትነት በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ላይ ይፈናጠራል፤ የቀረው ብረት ወደ ታች ይረገጣል። ትነቱ ራሱ የቀረውን ብርሃን እየዋጠ ይበልጥ ይግላል፣ ኤሌክትሮኖቹ ይላቀቃሉ፣ ፕላዝማ ይሆናል። በዓይን የምናየው ነጭ ብልጭታ እሱ ነው።

የዚህ ግፊት መጠን ያለ ምንም ዘዴ እንኳ ከብርሃኑ ግፊት በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ብረቱን በስስ ውሃ ከሸፈንነው ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ብርሃኑ በውሃው ውስጥ ያልፋል፣ ፕላዝማው ግን መውጫ ያጣል። ክዳኑ እንደተጫነ ድስት ይታፈናል። በዚያችው ምት ግፊቱ ከ1 ጊጋፓስካል ያልፋል፤ ከ10,000 የከባቢ አየር ግፊት በላይ ማለት ነው። ብረቱ ውስጥ የሚገባው የድንጋጤ ሞገድ ነው፣ የመዶሻ ምት እንደማለት።

ታዲያ የአይሱዙዬን ባሌስትራ አያጠነክርልኝም?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ ሾፌር ነው። ሐረጎን ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በጭነት የወጣ ሰው የባሌስትራ ነገር ያሳስበዋል። መልሴ ሁለት ነው። ዘዴው እውነት ነው፤ የኛ ማሽን ግን አትችልም።

ባሌስትራ በአንድ ቀን አይሰበርም። ሲታጠፍ ሲዘረጋ፣ ሲታጠፍ ሲዘረጋ፣ ላዩ ላይ ጥቃቅን ስንጥቅ ይጀምራል። ስንጥቅ የሚሰፋው ሲሳብ ነው። የብረቱ ቆዳ አስቀድሞ ተጨምቆ ከተቀመጠ ግን ስንጥቁ አፉን መክፈት ያቅተዋል። ቀጥቃጮች ይህን በእጃቸው ያውቁታል፤ በቀዝቃዛው የተቀጠቀጠ ብረት ይጠነክራል። ፋብሪካዎች ባሌስትራን በጥቃቅን የብረት ጥይቶች ይደበድቡታል። ጥይቱ የሚጨምቀው ብዙ ጊዜ ከሚሊሜትር ሩብ ብዙ የማይርቅ ጥልቀት ነው።

የሌዘሩ የድንጋጤ ሞገድ ግን 1 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይገባል። ብረቱ ላይ ጥቁር ቀለም ወይም ጥቁር ቴፕ ይለጠፋል፣ ከላይ ውሃ ይፈስበታል፣ ከዚያ በምት ይደበደባል። የሚተነው ቴፑ ነው፤ ብረቱ አይቃጠልም። ሙቀት የሚፈጠረው ግፊቱን ለማምጣት ብቻ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ኮሎምበስ ከተማ በሚገኘው የባቴል ተቋም ተሠርቶበታል። በ1990ዎቹ የቢ-1 አውሮፕላን ሞተር ምላጮች በዚህ መንገድ ይታከሙ ጀመር።

ለዚህ በአንድ ምት ብዙ ጁል የሚሰጥ ማሽን የተለመደ ነው። የኛ 1 ሚሊጁል ነው። ሾፌሩን አንድ ነገር ግን ለመንኩት፤ የተሰነጠቀ ባሌስትራ በብየዳ አያስጠግን። ብየዳው አካባቢ ያለው ብረት ጥንካሬውን ያጣል፣ ቁልቁለት ላይም ይከዳል።

ሲጽፍ የሚጮኸው ምንድን ነው?

ትነቱ አየሩን ሲገፋው ነው። እያንዳንዷ ምት ትንሽ ፍንዳታ ናት። ፐርሰቪራንስ የተባለው የማርስ ሮቨር እ.ኤ.አ. በ2021 ድንጋይ በሌዘር ሲመታ ድምፁን በማይክሮፎን ቀድቷል። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ሳይንቲስቶቹ ከድምፁ የድንጋዩን ጥንካሬ ይገምታሉ፣ ከብልጭታው ቀለም ደግሞ ምን ምን እንዳለበት ያነባሉ። የኛው ጓደኛዬም በልምድ ያውቃል፤ ድምፁ ሲለሳለስ ሌንሱ ከቦታው መራቁን ሳያይ ይነግራችኋል።

ሳያተን ዝም ብሎ መግፋት ይችላል?

ይችላል፣ ሌላ ዓይነት ግፊት ነው። ምቷ ደከም ካለች ብረቱ አይቀልጥም፤ ይግላል፣ ሲግል ያብጣል። እብጠቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፣ ግን በጥቂት ናኖሰከንድ ውስጥ ስለሚያብጥ ብረቱን እንደ ከበሮ ይመታዋል። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ በብረቱ ውስጥ ይጓዛል። ውስጥ ስንጥቅ ካለ ድምፁ ገጭቶ ይመለሳል። ፋብሪካዎች ዕቃውን ሳይነኩ ስንጥቅ የሚፈልጉበት ዘዴ ነው።

ዝገት ያጸዳል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ዝገት ጠቆር ያለና ሻካራ ስለሆነ ብርሃኑን ይውጣል፣ ይተናል፣ ይፈነገላል። ከሥሩ ያለው ንጹህ ብረት ደግሞ ብዙውን ብርሃን ይመልሳል። ስለዚህ ሥራው ዝገቱ ሲያልቅ ራሱን ያቀዘቅዛል ማለት ይቻላል።

ኮምቦልቻ ጋራዥ ያላችሁ ሰዎች ማሽን ልትገዙ ስትሉ የዋቱን ቁጥር ብቻ አትዩ። በምት የሚሠራ 200 ዋትና ያለማቋረጥ የሚፈስ 2,000 ዋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የሚፈሰው ሙቀቱን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ ስስ ላሜራ ያጣምማል። ለመኪና አካል በምት የሚሠራውን እመርጣለሁ። ዋጋው ግን ይበልጣል።

አንድ አባት ከላሊበላ በኩል መጥተው የጠቆረ የብር መስቀል አሳዩንና «ብታነጹልን» አሉ። ጓደኛዬ መስቀሉን ተሳልሞ፣ «አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልነካውም» አላቸው። ልክ ነበር። ቅርስ በሌዘር ማጽዳት የታወቀ ሙያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ቬኒስ ውስጥ በእብነ በረድ ሐውልቶች ላይ ተሞክሯል። የብር ጥቁረት ግን አስቸጋሪ ነው፤ ከጸዳ በኋላ ቀለሙ ሊለወጥ ይችላል። በቀለበት መጻፊያ ማሽን የአያት ቅድመ አያት መስቀል አይሞከርም።

ዓይን ይጎዳል? የበያጅ መነጽር አይበቃም?

እባካችሁ ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡ።

የማሽኑ ብርሃን አይታይም። ስለማይታይ ዓይናችሁ አይጨፈንም። የዓይን ሌንስ ግን ብርሃኑን ሰብስቦ ሬቲና ላይ፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ንጣፍ ላይ፣ በጠባብ ነጥብ ያሳርፈዋል። ብረት ላይ የሆነው ሁሉ እዚያ ይሆናል። ሬቲና ደግሞ አያምም፤ ሰው የተጎዳው በኋላ ማየት ሲያቅተው ነው የሚያውቀው። ቀጥታ የመጣው ብቻ አይደለም አደጋው፤ ከብሩ፣ ከቀለበቱ፣ ከሰዓት ማሰሪያ ነጥሮ የመጣውም ያው ነው። ብር 95 በመቶውን ይመልሳል ያልኳችሁን አስታውሱ።

የበያጅ መነጽር የተሠራው ለብየዳ ብርሃን ነው። የሌዘር መነጽር ላይ የሚከላከልለት የሞገድ ርዝመት በቁጥር ተጽፎ ይገኛል፤ ለዚህ ማሽን 1,064 የሚለውን ቁጥር የሚያካትት መሆን አለበት። የመከላከል አቅሙም፣ ኦዲ የሚባለው ቁጥር፣ አብሮ ይጻፋል። የጓደኛዬ ማሽን ስትመጣ አብሯት የመጣው አረንጓዴ መነጽር አንድም ቁጥር አልነበረበትም። ሻጩን ስንጠይቀው «ሁሉም ይኼንን ነው የሚያደርገው» አለን። በጣም አዘንኩ። መነጽሩን ጣልነውና ሌላ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ማሽኗ ተሸፍና ቆየች። ደንበኛ ሄዶብናል፣ ግን አልጸጸትም።

አየሩንም አትርሱ። የሚተነው ብረት ተመልሶ ደቃቅ ብናኝ ይሆናል፣ ወደ ሳንባ ይገባል። በዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ሲቃጠል ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል። ደሴ ብርድ ነው ብላችሁ በር ዘግታችሁ አትሥሩ። ጭሱን ወደ ውጭ የሚስብ ማራገቢያ ይኑራችሁ።

በስልኬ ልቅረጸው?

ከመከላከያው መስታወት ጀርባ ሆናችሁ ቅረጹ። ስልኩን አስጠግታችሁ ግን አይሆንም፤ ነጥሮ የመጣ ብርሃን የካሜራውን ሴንሰር ያበላሸዋል፣ ከዚያ በኋላ በምታነሱት ፎቶ ሁሉ ላይ አንዲት ነጥብ ትቀራለች። ልጆች ካሉ ደግሞ በመጀመሪያ እነሱን ከጠረጴዛው ራቅ አድርጓቸው። ቁመታቸው ከጨረሩ እኩል ነው።